ምርቃቱን ተዉትና አንድ ሌሊት እደሩላት

ለቅሶ ቤት እየሄደ ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሟቿ ለዓመታት የአልጋ ቁራኛ ሆነው የኖሩ እናት ናቸው። ድንኳን ተጥሏል፣ ንፍሮ ይዞራል፣ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ልጅቷ ያወራል። «እሷማ ጸድቃለች» ይላል አንዱ። «ትዳሬ አላለች፣ ሥራዬ አላለች፣ ዕድሜዋን ለእናቷ ሰጠች» ይላል ሌላው። «መስቀሏን ተሸክማ እዚህ አድርሳለች፣ ዋጋዋን እሱ ይክፈላት።» ለማጽናናት የመጡት ካህንም በስብከታቸው መካከል ያነሷታል፤ ምእመኑ አርአያዋን እንዲከተል ይመክራሉ።

ይህን የሚሉ ሰዎች አያስመስሉም፤ ከልባቸው ነው። የምከራከረውም ከዚሁ ከልብ ከሚነገረው ውዳሴ ጋር ነው። ለሚሠቃይ ወገን ራስን አሳልፎ መስጠት የክርስትና እምብርት ነው፤ ይህን የሚክድ ክርስቲያን የለም፣ እኔም አልክድም። የማልቀበለው ከውዳሴው ሥር የተቀመጠውን እምነት ነው፦ መሥዋዕትነቱ ለአንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለአንዲት ሴት ልጅ፣ ከላይ የወጣ ዕጣ ነው፤ የሌሎቻችን ድርሻ ማድነቅ፣ መመረቅና ሲያበቃ መቅበር ነው የሚለውን። ይህ እምነት ወንጌል ውስጥ የለም። ታማሚውን ይጎዳል፣ አስታማሚዋን ይሰብራል፣ እኛንም ሳንደክም ደጎች የሆንን ያስመስለናል።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ውዳሴው እንደዚያ የሚጣፍጠው ሥራውን ላላየ ሰው ነውና። በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው እናት ራሳቸውን መገልበጥ አይችሉም። ነርሶች ለቤተሰብ የሚያስተምሩት የመጀመሪያው ነገር እንዲህ ያለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር እንዳለበት ነው። ካልሆነ ዳሌው፣ ጀርባው፣ ተረከዙ በራሱ ክብደት እየተጫነ ደም ያጥረዋል፤ ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ እየጠለቀ ሄዶ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ቁስል ይሆናል። በየሁለት ሰዓቱ ማለት ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት 12 ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ምግቡ አለ። መዋጥ የሚያስቸግረውን ሰው ቀና አድርጎ፣ አጥሚቱን በማንኪያ ጥቂት በጥቂት እየሰጡ፣ ከበላም በኋላ ወዲያው ሳያስተኙ መቆየት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባና ሌላ በሽታ ያመጣል። ዳይፐሩ ይቀየራል፣ አንሶላው ይታጠባል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጀሪካን መሙላቱም የዚሁ ሥራ አካል ነው። መድኃኒቱ ሰዓት አለው። የሚነሳውም ሰው አንዳንዴ ከምታነሳው ልጅ ይከብዳል።

ይህን አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራው ምን ይሆናል? ሁለት ሰዓት ሞልቶ የማይተኛ ሰው ወር ሳይሞላው ሰውነቱ ይከዳዋል። የጠዋቱን ክኒን መስጠቱን ይረሳና ይደግመዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተሞላው የስልክ ደወል ይጮኻል፣ አስታማሚዋ አትሰማም፤ ስትነቃ ነግቷል። ፍቅሯ አላነሰም፤ ሥጋ ለባሽ ስለሆነች ነው። ያልተገለበጠችው እናት ግን ቆዳዋ ይላጣል። የአንዲት ልጅ ብቸኛ መሥዋዕትነት ከሁሉ የሚበልጥ እንክብካቤ ነው የሚለው አባባል ሐሰቱ የሚገለጠው በእናትየው ጀርባ ላይ ነው። ቁስሉን ያየ ሐኪም ይገሥጻታል። አብሯት ማደር የነበረበትን ወንድም፣ እህት፣ ጎረቤት፣ ማኅበርተኛ ግን የሚገሥጽ የለም፤ ሐኪሙ ፊት አልቀረቡምና።

የምናውቀውን የበሽተኛ ጥየቃ ደግሞ እንመልከት። በአንድ የማውቀው ቤት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠያቂ ይመጣል። ብርቱካን በፌስታል፣ ጁስ በካርቶን ይዘው ይገባሉ፤ አልጋው አጠገብ ወንበር ይሰጣቸዋል። እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይወጣምና ልጅቷ ከሰል ታቀጣጥላለች። ጨዋታው ይደራል። አንደኛዋ የጠበል ቦታ ትጠቁማለች፤ የባሏ ዘመድ እዚያ ተጠምቀው በእግራቸው ቆመው ተመልሰዋል። ሌላው ስለ ሐኪም ያወራል። ልጅቷ ረከቦቱ ጋ ሆና ሰዓቱን ታያለች፤ እናቷን የመገልበጫው ጊዜ አልፏል፣ ዳይፐሩም መቀየር አለበት፤ ግን የተከበረ እንግዳ ተቀምጦ «እስቲ ውጡልኝ» አይባልም። ሦስተኛው ተጠጥቶ፣ «ፈጣሪ የማይችሉትን አይሰጥም፣ በርቺ» ተብላ፣ ተመርቃ፣ ጠያቂዎቹ ይሄዳሉ። ለእሷ የቀራት የሚታጠብ ስኒና አርፍዳ የገለበጠቻት እናቷ ናት። መጠየቅ ደግ ባህል ነው። እንዲህ ሲሆን ግን ሰው የጠየቀ እየመሰለው ሥራ ጨምሮባት መሄዱ ነው።

«ፈጣሪ የማይችሉትን አይሰጥም» የሚለውን ቃል በተለይ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሴቶችን አፍ ያስያዘ ቃል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ስለ ፈተና ነው፤ እሱም እግዚአብሔር ከፈተናው ጋር መውጫውን እንደሚያዘጋጅ አብሮ ተናግሯል። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘን ሁለተኛውን ጥለነዋል። ለዚያች ልጅ የተዘጋጀው መውጫ እኮ ያን ዕለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣ የነበረው ሰው ሊሆን ይችላል።

እድራችንን ተመልከቱ። በየወሩ እንከፍላለን። ሞት ሲመጣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ያመጣል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ አባላት ሐዘንተኛውን ከበው ይቀመጣሉ፤ በብዙ እድሮች ቀብር የቀረ ሰው መቀጮ አለበት። ይህ ሥርዓት ከሚያኮሩን ነገሮች አንዱ ነው፤ አንድም ክፉ ቃል አልናገረውም። የሚያሳዝነኝ ሥርዓቱ የሚነቃው ትንፋሽ ሲቆም መሆኑ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ያነጋች ልጅ እናቷ በሞተች ሌሊት ከመቶ ሰው ጋር ታድራለች። ያን የመሰለ ጉልበት፣ ያን የመሰለ አደረጃጀት፣ ያን የመሰለ ይሉኝታ እዚያው ሰፈር ነበር፤ ትናንት ማታም ነበር። ለሬሳው የተሰለፈው ሰው ሩቡ እንኳ በሕይወት ሳሉ በተራ ቢመጣ ኖሮ ሴትየዋ ቁስል አይኖራቸውም፣ ልጅቷም ሥራዋን ባልተወች ነበር።

ይህ ሕልም አይደለም፣ አድርገነው እናውቃለን። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ በየቤቱ በገባበት ጊዜ በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ተሰብስበው ደንባቸውን አሻሽለዋል፤ ለቀብር ብቻ ይል የነበረውን ለታመመ አባልና ወላጅ ላጣ ልጅም እንዲሆን አድርገዋል። በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ ያጥቡ፣ ይመግቡ፣ መድኃኒቱን ይከታተሉ ነበር። ያውም ሰው የበሽተኛውን ስኒ ለመንካት በሚፈራበት ዘመን። ለስትሮክ፣ ለካንሰር፣ ለመርሳት በሽታ ይህን ማድረግ የሚያቅተን ለምንድን ነው?

ከገጠሩም የምንማረው አለ። መንገድ በማይገባበት አገር የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በቃሬዛ ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ማኅበር ሁሉ አለ። ጥሪ ሲሰማ ጎልማሳው ይወጣል፣ አራቱ ተሸክመው የቀሩት ከኋላ ይከተላሉ፣ ሲደክማቸው ይቀባበላሉ። ልጁ ስለሆነ ለብቻው ይሸከመው፣ መስቀሉ ነው የሚል ገበሬ አልሰማሁም። ቢባል እንደ ዕብደት ይቆጠራል፤ ቃሬዛ ለአንድ ሰው አይሆንማ። ከተማ ስንገባ ቃሬዛውን አልጋ ተካውና አንድ ሰው የሚበቃው መሰለን።

በማርቆስ ወንጌል ሁለተኛ ምዕራፍ ያለውን ሽባ ሰውም የተሸከሙት አራት ናቸው። ሕዝቡ ቢያስጨንቃቸው ጣሪያ ቀድደው አወረዱት፤ ጌታም የእነሱን እምነት አይቶ ሰውየውን እንደፈወሰ ተጽፏል። የተሸካሚዎቹን እምነት ነው ያየው፣ ያውም የአንዱን ሳይሆን የአራቱን። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር ደግሞ 38 ዓመት በደዌ የኖረው በሽተኛ ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ የተናገረው ሰው እንደሌለው ነው። በየጓዳው ያለች አስታማሚ ዛሬ ብትጠየቅ ከዚህ የተለየ መልስ የላትም። ሰዉ ሞልቷል፤ ውሃው ዳር የሚያወርድ ግን የለም።

«ደጉ ሳምራዊስ?» የሚሉኝ አሉ። እንዲያውም ወደ እሱ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብቸኛ መሥዋዕትነትን ለማወደስ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው እሱ ነው፣ ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አንብበን አንጨርሰውም። ሳምራዊው ቁስሉን በዘይትና በወይን አጠበ፣ በራሱ አህያ አስቀመጠው፣ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፣ አንድ ሌሊት አስታመመው። በማግሥቱ ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማረፊያው ጠባቂ ሰጠና የሚበልጥ ወጪ ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍል ተናግሮ መንገዱን ቀጠለ። መንገዱን ቀጠለ! ኑሮውን አፍርሶ በዚያ ቤት ዕድሜውን አልጨረሰም። ሥራውን ለሁለት አካፈለ፣ ሌላ ሰው አስገባበት፣ ገንዘቡን ቻለ፣ ሊመለስም ቃል ገባ። ጌታ «ሂድና አንተም እንዲሁ አድርግ» ያለው ይህን ሰው አይቶ ነው። በአባቶች ትርጓሜ ደግሞ ሳምራዊው ክርስቶስ ራሱ ነው፤ ማረፊያ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ጠባቂዎቹ መምህራኗና ካህናቷ ናቸው። እንግዲህ ቁስለኛው በአደራ የተሰጠው ለማን ነው? ዲናሩን የተቀበለው ማነው? በራሳችን ትርጓሜ ተጠያቂዋ መላዋ ቤተ ክርስቲያን ሆና ሳለ፣ አደራውን ለአንዲት ልጅ አስተላልፈን እኛ ምርቃት እናድላለን።

በኢየሩሳሌም የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ እርዳታ ተረስተው ነበር፤ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ለመበለቶቹ ስለ ትዕግሥት አልሰበኩም፣ መስቀላችሁ ነው አላሏቸውም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው ሾሟቸው። እስጢፋኖስ ከእነሱ አንዱ ነው፤ በየዓመቱ የምናከብረው፣ ቀዳሜ ሰማዕት የምንለው እስጢፋኖስ መጀመሪያ የተሾመው ለማዕድ አገልግሎት ነው። ሰባቱም ወንዶች ነበሩ። ይህን የማነሣው በእኛ ቤት የታመመን ማጠብና መመገብ የሴት ሥራ ነው ለሚለው መልስ እንዲሆን ነው። ዛሬ በየደብሩ ስንት ዲያቆን አለ? ቅዳሴው የሚያምረው በእነሱ ነው፤ ድካማቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን በደብሩ ክልል ውስጥ ስንት ቤት አልጋ ላይ የቀረ ሰው እንዳለ የሚያውቅ፣ ስም ዝርዝር የያዘ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚያዳርስ ዲያቆን ቢገኝ ወደ ሹመቱ መነሻ ተመለሰ እንጂ አዲስ ነገር አመጣ አይባልም።

ቅዱስ ባስልዮስም ከእኛ ጋር ይቆማል። ከ14ቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራው ይህ አባት በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ሲኖር ራሱ በሽተኛ እያገለገለ አልረካም። ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን መኖሪያ ሠራ፤ በውስጡ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ነበሩ፣ ከሰው የተገለሉ ለምጻሞችም ተጠለሉበት። ጸሎተኛ ነበር፣ ጾመኛ ነበር፣ ሀብቱን ሰጥቶ የመነነ ነበር። ራስን መካድ ምን እንደሆነ የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። ርኅራኄ ሥርዓት ካልተበጀለት ሁለት ሰው ተሸክሞ ሦስተኛው ላይ እንደሚወድቅ ግን አውቋል።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ልምጣ። «ክርስቶስ ራሱን ሰጠ፣ መስቀሉን ያልተሸከመ ሊከተለው አይችልም፤ አንተ ግን መስቀልን ልታቀልል ትፈልጋለህ» ይሉኛል። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጌታ ነፍሱን ማንም እንዳልወሰደበት፣ በፈቃዱ እንዳኖራት ራሱ ተናግሯል። ፈቃድ የሌለበት መሥዋዕት በወንጌል የለም። ጻድቁ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ቆመው ጸለዩ፤ ያን ተጋድሎ ግን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ተሰብስበው «አንተ ቁም፣ እኛ እናደንቅሃለን» አላሏቸውም። የእኛዋን ልጅ ማን ጠየቃት? ያላገባች ስለሆነች፣ ደሞዟ ትንሽ ስለሆነ፣ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች፣ እምቢ ማለት ስለማታውቅ ሥራው ተራ ሳይወጣ ወደቀባት። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ሲጀመር ኩላሊቱ የሚመጣው በሕይወት ካለ ዘመድ ነበር። በዚህ ሕክምና የታወቀ ሥርዓት አለ፦ ኩላሊት የሚሰጠው ሰው ቤተሰቡ በሌለበት ለብቻው ይጠየቃል፤ ወደህ ነው ወይ፣ ያስገደደህ አለ ወይ ይባላል። አንድ ኩላሊት ለመስጠት ይህን ያህል ጥንቃቄ ይደረጋል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ዕድሜ ስትሰጥ ግን አንድም ሰው፣ የንስሐ አባቷም ጭምር፣ ለብቻዋ አስቀምጦ «ልጄ፣ ወደሽ ነው? ትችያለሽ? ማን ይረዳሽ?» አላላትም።

ሁለተኛ፣ ክርስቶስ ራሱ መስቀሉን እስከ ጎልጎታ ለብቻው አልተሸከመም። ስምዖን ቀሬናዊ አግዞታል። ዓርብ ስቅለት ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ፣ ኪርያላይሶን ስንል፣ ማታ ካህኑ ፊት ቀርበን በወይራ ቅጠል ስንጠበጠብ የምናስበው ሕማም ውስጥ ይህ ሰው አለ። ስምዖን ከገጠር ሲመጣ ወታደሮች አስገድደው ነው ያሸከሙት፤ እኛን ግን የሚያስገድደን የለም፤ ስለዚህ መንገድ ዳር ቆመን እናለቅሳለን። እዚያው መስቀሉ ላይ ሆኖ ደግሞ ጌታ እናቱን ለዮሐንስ ሰጠ። በዚያ ጣር ውስጥ ሆኖ እናቱ ማን ቤት እንደምትኖር አሰበላት። ይህ የፍቅር ሁሉ ጫፍ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፍቅሩም ለእናቱ የሚረዳትን ሰው በስም ጠርቶ እስከ መመደብ ደርሷል።

ወንድሞችና እህቶች ላይ እመጣለሁ። የአስታማሚዋ ታላቅ ወንድም ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ከሁሉ የበለጠ ሰጥቷል፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ፣ መስከረም 21 ግሸን ይወጣል፣ ለእናቱም ምሕረት ይሳላል። አንድ ሌሊት ግን እናቱ አልጋ አጠገብ አላደረም። ጌታ በዘመኑ የነበሩ ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ነገር በትክክል ይህ ነው፦ ለአባትና ለእናት መዋል የነበረበትን ቁርባን ነው ብለው ለመቅደስ ሲሰጡ ከግዴታቸው ነፃ የሆኑ ይመስላቸው ነበር። ስእለቱን አልነቅፍም። እናቱን ከገለበጠ በኋላ ይሂድ። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ስለ መበለቶች ሲጽፍ ወላጆችን የመጦር ዕዳ ያለባቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ብሏል፤ ከመካከላቸው አንዷን ለይቶ አልጠራም።

ከቤሩት፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ ብር የምትልከዋን ደግሞ ከዚህ ወቀሳ አወጣታለሁ። የሰው አገር አረጋዊት እያጠበች፣ ለራሷ እናት መድኃኒት የምትከፍል ልጅ ድርሻዋን ከበቂ በላይ ከፍላለች። ነገር ግን እሷን «ገንዘቡን ትቻል»፣ እህቷን «ጉልበቱን ትቻል» ብለን ሁለቱን ሴቶች መሥዋዕት አድርገን የምንኖር ወንዶች እንዳለን መናገር አለብኝ።

ሌላው ተቃውሞ «ይህ የፈረንጅ ሐሳብ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ወላጅን ወደ ማዕከል መስደድ ነው» የሚለው ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ወላጅን በቤት መጦር ሊጠፋብን የማይገባ ሀብት ነው። እኔ ግን እናትየዋን ከቤት አውጡ አላልኩም። አንድ ቤት የሚሸከመውን አምስት ቤት ይሸከመው ነው ያልኩት። ደግሞም ማዕከል ሁሉ ነውር አይደለም። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸውን ሰዎች የሚያጥቡ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ልደቱንና ሰርጉን እዚያ ሄዶ ከአረጋውያኑ ጋር የሚያከብር ስንት ሰው አለ። እሰየው። ያው ሰው ግን አጥር የምትጋራውን ጎረቤቱን አንድ ቀን «ዛሬ አንሶላውን እኔ ላጥብልሽ» ብሏት አያውቅም። ማዕከል የሚያስፈልገው ሰው የሚበዛው እኮ ቤት ያለችው ብቸኛ አስታማሚ ስትወድቅ ነው።

ብዙዎቹ አስታማሚዎች በአደባባይ የማይናገሩት ነገር አለ። ሌሊት ላይ «ምነው ባረፈች» የሚል ሐሳብ ይመጣባቸዋል። ከዚያ ይደነግጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ገሃነም የተከፈተላቸው ይመስላቸዋል፣ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ይፈራሉ። ይህን ኃጢአት ብሎ ቀኖና የሚሰጥ አባት ካለ ከመስጠቱ በፊት ስለ ኤልያስ ያስታውስ። ነቢዩ በበረሃ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ ከተኛበት ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ እንደገና ሲተኛ ተወው፣ እንደገና አበላው። መንገዱ ሩቅ ነውና ጉልበት ያስፈልገው ነበር። ሞትን ለተመኘች አስታማሚ የሚገባት ቀኖና እንቅልፍ ነው። ቀኖናውን መፈጸም ያለብን ደግሞ እኛ ነን።

በተግባር አስቸጋሪ ነው እንዳይባል መንገዱን ጠቁሜ ልጨርስ። የጽዋ ማኅበር ተራ ያውቃል፤ በየወሩ በየቤቱ የሚዞረው በዚያው ነው። 12 አባላት ያሉት ማኅበር አንድ አንድ ሌሊት ቢያድር ለእያንዳንዱ በ12 ቀን አንዴ ብቻ ይደርሰዋል፤ ልጅቷ ግን በየቀኑ ትተኛለች። «ሴት በሽተኛን ባዳ እንዴት ያያታል» ለሚለው ሴቶቹ ለሴት፣ ወንዶቹ ለወንድ ይደሩ፤ እናትየዋ ሰው አይንካኝ ካሉ ለጊዜው ልብስ አጠባው፣ ምግቡ፣ የሐኪም ቤት ወረፋው ይበቃል፤ ቀስ ብለው ይለምዱናል። ማገላበጡን የማያውቅ ሰው ከልጅቷ በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። እድሩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምር፤ ቀብር ለቀረ መቀጮ ያለው እድር አልጋ ላይ ለዋለ አባል ተራውን ላልፈጸመም መቀጮ ይኑረው። የንስሐ አባቶችም ቤት ለመባረክ በገቡ ቁጥር ጠበሉን ከመርጨታቸው በፊት አስታማሚዋን ወደ ጎን ጠርተው ትናንት ስንት ሰዓት እንደተኛች ይጠይቋት፤ መልሷንም ለማኅበሩ ጸሐፊ ይንገሩትና የተራው መዝገብ ከዚያው ቀን ይጀምር።